የማቅለሽለሽ መድኃኒት የገዛው ገበሬ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ የኔታ፣ ልብ የሚያረጋጋ ጸሎት ሊለምናቸው ለመጣው ሰው። ሰውዬው የሟች ወንድሙን ሚስት ድንበር ገፍቶ ካረሰ ወዲህ በማሳዋ አጠገብ ባለፈ ቁጥር ልቡ ይታወክበት ነበር። የኔታ ጸሎቱን ትተው ይህን ነገሩት።

ገበሬው ከሚስቱ ከአንጓች ጋር ሲኖር እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ያልተሳሉት ታቦት፣ ያልጠጡት ጠበል የለም። ጎረቤት ለልጁ ክርስትና በጠራቸው ቁጥር ገበሬው ከሰው ኋላ ይቀመጥና አንገቱን እንደደፋ በልቶ ይመለሳል።

አንድ ዓመት አዝመራው ሠመረ። ስንዴው ከጎተራ ተርፎ በጆንያ እስከ መኝታቸው ድረስ ተደረደረ። ነቀዝ እንዳይፈጀው ብሎ ከገበያ የነቀዝ ክኒን ገዛና በየጆንያው ጨመረ። «አየር እንዳይገባ በሩን ጥርቅም አድርገሽ ዝጊ» አላት። እሱ አውድማ ላይ የቀረውን ምርት እየጠበቀ እዚያው ያድራል፤ እሷ ከጆንያዎቹ ጋር ትተኛለች።

ብዙም ሳይቆይ አንጓችን ያቅለሸልሻት ጀመር። ከመኝታዋ እየተነሣች ደጅ ሮጣ ታስመልሳለች፤ ነፋስ ሲመታት ሻል ይላታል።

«ቤቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸተኛል» አለችው።

«እርጉዝ ሴት ሰው የማይሸተው ነው የሚሸታት። እናቴ ስትል ሰምቻለሁ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ስንት ዘመን የጠበቁት ነገር ነበርና።

ገና ያልጠና ፅንስ አይወራም፤ ዓይን ይበላዋል ይባላል። ስለዚህ ለጎረቤትም ለጤና ኬላም ትንፍሽ አላሉም።

ማስመለሱ ሲበረታባት ግን የገበሬው አንጀት አልችል አለ። ከተማ ወርዶ መድኃኒት ቤት ገባ። ሻጯ ክኒን ሰጠችውና «ይኼ ማቅለሽለሹን ያቆምላታል፤ እንቅልፍም ያመጣባታል። ለምን እንዳቅለሸለሻት ግን አይነግርህም። ይዘሃት ናና ትመርመር» አለችው።

«እሺ» አላት። በልቡ ግን ፅንሱ እስኪጠና ትቆይ ብሎ ነበር።

ክኒኑ የተባለውን አደረገ። ማስመለሱ ቀጥ አለ። አንጓች ደጅ መሮጧን ተወች፤ በሩን ዘግታ ጥልቅ እንቅልፍ ተኛች። ገበሬው መድኃኒቱን የሠራውን እጅ መረቀ። አውድማው ላይ ለሚወለደው ልጅ ስም ሲያወጣ ሲያወርድ አደረና ጠዋት ወደ ቤቱ ወረደ። ቢጠራ፣ ቢያንኳኳ፣ በሩን የሚከፍትለት አጣ።

ለቀብር የመጣ ጎረቤት ገና ከደጁ አፍንጫውን ያዘ። «የነቀዙን መድኃኒት የት ነው ያኖርከው?» ብሎ ጠየቀ። ገበሬው ጆንያዎቹን አየ፤ መደቡን አየ። ሚስቱን የገደላት የነቀዙ ክኒን በተዘጋው ቤት የተፋው መርዝ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባው። ደረቱን እየደቃ ጮኸ፤ ጩኸት የሞተ አይመልስም። በሆዷ ልጅ ይኑር አይኑር ዛሬም ድረስ አያውቅም።

የኔታ ወደ ሰውዬው ዞሩ።

«የማቅለሽለሹ ክኒን ክፉ አልነበረም፤ ለሚገባው በሽተኛ ደግ መድኃኒት ነው። ግን ያቺን ምስኪን እየጎተተ ነፋስ ወዳለበት ያወጣት የነበረው ያ ማስመለሷ ነበር። ዝም ያሰኙት እሱን ነው። ያንተም ልብ የሚታወከው የመበለቲቱ መሬት እጅህ ላይ ስላለ ነው። ታውኮ ታውኮ አንድ ቀን ወደ ደጃፏ ይወስድህ ነበር፤ አንተ ግን ዝም የሚያሰኝልህ ፈልገህ መጣህ። የለመንከኝን ጸሎት አውቀዋለሁ፤ ልብ ያረጋጋል። የምፈራው ማረጋጋቱን ነው።»