አልወዛም ያለው ላዳ

ልጀምር? «ጀምር» በሉኝ። እሺ።

ኮምቦልቻ ላይ ጋሽ ሽበሺ የሚባል ሰው ነበር። አንድ ላዳ ነበረው፤ ሰማያዊ። አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ማስተዋል። እናቷ ስትወልዳት ሞተች፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ብቻውን እንዳይመስላችሁ ግን፤ እሱን ደርሰን እናየዋለን።

ማስተዋል ነገ እሑድ ታገባለች። ሙሽራው መኪና ተከራይቷል፤ ነጭ፣ ረጅም። የልጅቱ ልብ ያለው ላዳው ላይ ነው፤ ላዳው ግን ፀሐይ በልቶት አመድ መስሏል።

«አባዬ፣» አለችው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ «ፊቴ ላዳው በር ላይ ከታየኝ ባንተ መኪና እሄዳለሁ። ካልታየኝ በነጩ ነው፤ ሰው ይስቅብኛል። አስራ አንድ ሰዓት መጥቼ አያለሁ።»

ጋሽ ሽበሺ የፈለገው ይችን ብቻ ነው። ላዳው እንዲወዛ፤ ልጁን በገዛ መኪናው እንዲሸኝ።

ቀለም ቀቢው ሙላው የፖሊሽ ማሽኑን አዋሰው። «ጋሽ ሽበሺ፣ መጀመሪያ ቀለሙ ላይ ያሳርፉት፣ ከዚያ ያስነሱት። ስፖንጁን ደግሞ መሬት እንዳያስነኩት።»

«ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው፣ ይችን አቅቶኝ?»

ፖሊሹን ስፖንጁ ላይ ቀባ። ማሽኑን ከፍ አድርጎ ያዘ። አየር ላይ አስነሳው። ጥርርርር! ፖሊሹ ጢሙ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ የጎረቤት ዶሮ ላይ። ደንግጦ ለቀቀው። ማሽኑ መሬት ላይ ዞረ። ስፖንጁ አሸዋ በላ።

«ዶሮዋንም ሊድሯት ነው?» አለ ሙላው።

«ዝም በል አንተ!»

ላዳውን «ውዛ» አለው። ላዳው «አልወዛም፤ ማሽኑ መች አሸኝ?» አለ። ማሽኑን «እሸው» አለው። ማሽኑ «አላሽም፤ ስፖንጄ አሸዋ በልቷል፤ እቧጭረዋለሁ» አለ። ማሽኑ አላሽም፣ ላዳው አልወዛም። ሰዓቱ ስምንት።

ስፖንጁን አራገፈው፤ መታው፤ እፍ አለበት። «ጽዳ!» አለው። ስፖንጁ «አልጸዳም፤ ውሃ መች ነካኝ?» አለ። ስፖንጁ አልጸዳም፣ ማሽኑ አላሽም፣ ላዳው አልወዛም።

ወደ ግቢው ቧንቧ ሄደ። ውሃውን «ውረድ» አለው። ውሃው «አልወርድም፤ ተቆልፎብኛል» አለ። ውሃው አልወርድም፣ ስፖንጁ አልጸዳም፣ ማሽኑ አላሽም፣ ላዳው አልወዛም። ሰዓቱ ዘጠኝ።

ቁልፉ የት ነው? ቁልፉ ካጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤት፣ የእትዬ የሺመቤት መቀነት ላይ ነው። የግቢውን ቧንቧ የምትከፍተው እሷ ናት። «ሙላው፣ ሩጥ፣ ቁልፉን አምጣ» አለ ጋሽ ሽበሺ። ሙላው ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«‹መቀነቴን አልፈታም፤ ለሰርጉ ማን ጠራኝ?› ብለዋል።»

«ካርድ ልኬላቸዋለሁ እኮ! በአንድ ወያላ እጅ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ሽበሺ።

የሺመቤት ካጥሩ ማዶ ሰማች። «ወረቀቱ መጥቷል! ሳጥኔ ላይ ተቀምጧል። እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረም!»

የሺመቤት አልፈታም፣ ቁልፉ አልከፍትም፣ ውሃው አልወርድም፣ ስፖንጁ አልጸዳም፣ ማሽኑ አላሽም፣ ላዳው አልወዛም። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል።

ጋሽ ሽበሺ እግሩን «ሂድ» አለው። እግሩ «አልሄድም፤ ደርሼ አፍህ ምን ሊል ነው?» አለ። አፉን «ተናገር» አለው። አፉ «አልናገርም፤ አፍሬያለሁ» አለ።

ያፈረበትማ ይኸውላችሁ። ማስተዋልን ሦስት ዓመት በጀርባዋ ያዘለች የሺመቤት ናት። ጥርሷ ሲወጣ ያየች እሷ፤ ስትታመም ቁጭ ብላ ያደረች እሷ። እንዲህ ያለ ሰው ለሰርግ ሲጠራ ደጁ ድረስ ተሄዶ፣ ቆሞ፣ በአፍ ነው። እሱ እንደ ሩቅ ሰው ወረቀት ላከባት።

አፉ አልናገርም፣ እግሩ አልሄድም፣ የሺመቤት አልፈታም፣ ቁልፉ አልከፍትም፣ ውሃው አልወርድም፣ ስፖንጁ አልጸዳም፣ ማሽኑ አላሽም፣ ላዳው አልወዛም። ፀሐይዋ ግን አልጠብቅም ብላ ትሄዳለች።

ሙላው አየው። «ጋሽ ሽበሺ፣ ይችን አቅቶዎት?»

ተነሳ። ሄደ። ደጇ ላይ ቆመ።

«ቤቶች!»

«ማነው?»

«ሽበሺ ነኝ።»

ወጣች። «ጢምህን ምን ነካው?»

«ይተዉት፣ እትዬ።» መሬት መሬት አየ። «ነገ ልጃችንን ልንድር ነው። ያለ እርስዎ ከቤት አትወጣም።»

የሺመቤት የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። «ልጃችን አልክ?»

«አልኩ።»

«ታዲያ ይችን ለማለት ነው እስካሁን?»

አፉ ተናገረ፣ መቀነቱ ተፈታ፣ ቁልፉ ከፈተ፣ ውሃው ወረደ፣ ስፖንጁ ጸዳ፤ ተጨመቀ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ ደረቀ። ጋሽ ሽበሺ ማሽኑን መጀመሪያ ቀለሙ ላይ አሳረፈ። ከዚያ አስነሳ። ቀስ። ቀስ። ማሽኑ አሸ፣ ላዳው ወዛ።

አስራ አንድ ሰዓት ማስተዋል መጣች። በሩ ፊት ጎንበስ አለች። ፊቷ አለ። ከፊቷ አጠገብ ሌላ ፊት አለ፤ የየሺመቤት።

«አየሽን?» አለች የሺመቤት።

«ሁለታችንንም አየሁ» አለች ማስተዋል። የየሺመቤት አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ጣራው ላይ መዳፍ የምታህል ያልወዛች ቦታ ቀርታ ነበር። ሙላው «ልጨርሳት» ብሎ ማሽኑን አነሳ።

«ተዋት፣» አለችው ልጅቱ፣ «እሷ የአባዬ እጅ ምልክት ናት።»

በነጋታው ላዳው ወጣ። ሙሽሮቹ ከኋላ ወንበር፤ ከፊት፣ ጋሽ ሽበሺ ጎን፣ የሺመቤት። ነጩ ረጅም መኪና ባዶውን ተከተለ። የቧንቧው ቁልፍ መቀነቷ ላይ እንደታሰረ ሄደ፤ ግቢው ቀኑን ሙሉ ውሃ አጣ። የተቆጣ ሰው የለም፤ ሁሉም ሰርጉ ቤት ነበር።

እኔ እስከዚህ ነው የማውቀው። ከኔ የሰማችሁትን ለሌላ ንገሩ፤ ታዲያ ደጁ ድረስ ሄዳችሁ፣ በአፍ።