ከውጭ የሚታሰር ክዳን

አንድ ብረት በያጅ በግቢው ውስጥ ለአንድ ሰው የምትሆን ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። ስሙ ሙላው ይባላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ የተረፈችውን ሰዓት ሁሉ ለእሷ ሰጠ። ሚስቱ ትርፌም ልጇን አዝላ ቆርቆሮ ስትይዝለት፣ ሽቦ ስታቀብለው ቆየች።

አውሮፕላኗ ከመቀመጫው በላይ የሚደፋ፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ የፕላስቲክ ክዳን ነበራት። በሙከራው ቀን ሜዳው ላይ ስትንደረደር ነፋስ ክዳኑን በረገደው። ሊያዩ የመጡት ጎረቤቶች ሳቁ። አንዱማ፣ «ሙላው፣ ድስትህን ክደን እንጂ» አለው። ይህች ነገር ከነከነችው። በማግስቱ ክዳኑን ከውጭ በስድስት ቡሎን የሚታሰር አደረገውና፣ እሱ ከገባ በኋላ የምታጠብቀው ትርፌ እንድትሆን ነገራት።

ትርፌ ቡሎኖቹን አየቻቸው። ቁርስ ላይ ቀስ ብላ፣ «ሙላው፣ ብትገለበጥስ በየት ትወጣለህ?» አለችው።

አማቷ፣ የሙላው እናት፣ የቆረሱትን ዳቦ አስቀመጡት። «በስመ አብ በይ! ባልሽ ገና ሳይነሳ ታሟርችበታለሽ?»

ሙላው ሳቅ ብሎ አውሮፕላኗን የሠራት ለመብረር እንጂ ለመገልበጥ እንዳልሆነ ነገራት። ትርፌ አፈረች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ስለ መውደቅ የተነፈሰ የለም። ሁለት ጊዜ ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው፤ ክፉ ቢደርስ ከአንቺ አፍ የወጣ ነው እንዳይሏት ፈርታ።

በበረራው ቀን ሽማግሌዎች መረቁት። ትርፌ ስድስቱንም ቡሎን በመፍቻ አሰረች። «ጠበቅ አድርጊው» አላት ከውስጥ።

አውሮፕላኗ ተነሳች፤ ከባሕር ዛፉ በላይ ሆነች፤ ሰዉ እልል አለ። ስታርፍ ግን ጎማዋ የእርሻ ቦይ ውስጥ ገባና በጀርባዋ ተገለበጠች።

ትርፌ መፍቻውን ይዛ ሮጠች። ሙላው በሕይወት አለ፤ ክዳኑን ሲደበድብ ይሰማል። ቡሎኖቹ ግን ከነክዳኑ ጭቃ ውስጥ ተቀብረዋል። ወንዶቹ ክንፏን ይዘው ሊያነሷት ታገሉ። ትርፌ ጭቃውን በጥፍሯ እየጫረች ሁለቱን አገኘች፤ አንዱን ፈታች። ቤንዚኑ ሲንጠባጠብ ቆይቶ ተያያዘ። ወንዶቹ ትርፌን ጎትተው አራቋት። ድብደባው ትንሽ ቆየና ቆመ።

ለቅሶው ላይ አማቷ፣ «አፏ ነው የበላው» አሉ።

ትርፌም አመነቻቸው። እስከ ዛሬ እንዳመነች ነው።

ወዳጆቼ፣ የምንወደው ሰው በየት እንደሚወጣ መጠየቅ ሟርት አይደለም፤ ፍቅር ነው። ጠያቂዋን ስንገስጽ አደጋው ሰምቶን አይመለስም፤ የምናጣው መውጫውን ነው። ሰው ሞቶም ጥፋቱን የምንጭነው አስቀድማ ባየችው ላይ ይሆናል። እስቲ በየቤታችን እናስብ፦ አይታ ሳለ «አታሟርቺ» ብለን ዝም ያሰኘናት ማን ናት? ልትነግረን የነበረውስ ምን ነበር?