የጉልበቴ ኮረብታ

ከጣና በስተምዕራብ፣ ደንገል በር ከምትባለው የታንኳ መንደር ራስጌ፣ አንዲት መላጣ ኮረብታ አለች፤ ስሟ ጉልበቴ ነው። እንግዳ ሰው ስሟን ሲሰማ አቀበቷ ጉልበት ስለሚፈትን ይመስለዋል። የአገሩ ሰው ግን ይስቃል፤ ፍየል ሳታለከልክ የምትወጣት ኮረብታ ናትና። ስሙ የመጣው ከአንድ ሰው ጉልበት ነው፤ እሱም ቢሆን፣ ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ አንድም ቀን ታሞ የማያውቅ ጉልበት።

እንደሚነገረው፣ በጥንት ጊዜ ያንን ዳርቻ ባላምባራስ ሣህሉ የሚባሉ ሹም ይገዙት ነበር። ባላምባራስ ሌላው ሹም ያለው ነገር ሁሉ እንዲኖራቸው ይወዱ ስለነበር፣ አዝማሪውንም ጋሻ ጃግሬውንም ካሟሉ በኋላ የቀራቸው ሰማይ የሚያነብ ሰው ብቻ ሆነ። ፈልገው አላጡም። ክንፉ የሚባል፣ መሪጌታ ነኝ ባይ፣ ጥላውንና ብራናውን ይዞ መጣላቸው። ከየት እንደመጣ በውል የሚያውቅ የለም፤ በሄደበት ሁሉ ግን ብዙ እንዳልቆየ ማንም ይገምታል።

ክንፉ በየዓመቱ ሰኔ ሚካኤል ዕለት ከዋርካው ሥር ብራናውን ዘርግቶ የክረምቱን ነገር ይናገር ነበር። «በምሥራቁ ዳርቻ ይዘንባል፣ በምዕራቡ ያካፋል፣ በደሴቶቹ ላይ ይደምናል፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ ደግሞ ብራ ይሆናል» ይላል ድምፁን ጎትቶ። ሰማይ ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሰውየው በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጥላውን ከራሱ ላይ አያወርድም ነበር፤ ብራ ይሆናል ብሎ በተናገረበት ቀንም ያው ነው። ይህንን ሁሉም ያያል፤ ማንም ግን ምንም አላለም።

የሚያሳፍረው የደንገል በር ሰው ነገር ነው ይባላል። ሐይቁ ላይ የተወለደ፣ ነፋስ ከመነሣቱ በፊት በአፍንጫው የሚያውቅ ሰው፣ ብራና ካየ ወዲህ ጠዋት ተነሥቶ ሰማዩን ማየት ተወ። «የኔታ ምን አሉ?» ብሎ ይጠይቅና ታንኳውን ይገፋል። የታንኳ ሠሪው ልጅ የሻረግም ከእነዚያው አንዷ ነበረች። ወንድሟ ይሁኔ በሐምሌ ወር፣ ክንፉ ፀጥታ ነው ባለው ሳምንት፣ ዓሣ ሊያወጣ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ታንኳው ተገልብጣ ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ ተገኘች። ክንፉ ተዝካሩ ላይ ተቀምጦ፣ «ሰማዩ እኔ እንዳልሁት ነበር፤ ያጠፋው ሐይቁ ነው» አለ፤ ቀጥሎም ወጥ እንዲጨምሩለት ሳህኑን ገፋ አደረገ። የሻረግ ጨመረችለት። ስለዚያ ጭልፋ ወጥ እስክትሞት ድረስ ራሷን ይቅር አላለችም ይባላል።

በዓመቱ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ባላምባራስ ለደሴቱ ገዳም ስድስት ስልቻ ሽምብራ ሊልኩ አሰቡ፤ ጾሙ በሚያዝበት ቀን ስማቸው እንዲጠራላቸው ነው። ክንፉ ብራናውን አገላብጦ ሐይቁ ሰባት ቀን ፀጥ እንደሚል ተናገረ፤ ቀዛፊ እንዲሆንም የሻረግን ያገባው ውብነህ ታዘዘ።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። በበጋ ታንኳዋን ከውሃ አውጥተው ካቆሟት ፀሐይ ታደርቃታለች፤ በክረምት ግን እርጥበቷን እንደያዘች እየከበደች ትሄዳለች። የሻረግ የአባቷን ሥራ እያየች ስላደገች፣ የዚያን ዕለት ጠዋት የታንኳዋን ጫፍ ብድግ አድርጋ ለቀቀቻት።

«ውብነህ፣ ና እስቲ አንተም አንሣት» አለችው።

አነሣና መልሶ አስቀመጠ።

«ጠጥታ ጠጥታ ጠግባለች። ስድስት ስልቻ ጭነህ እኩል መንገድ ላይ ሳለህ የከሰዓቱ ነፋስ ይደርስብሃል።»

«መች ጠፋኝ? ግን እምቢ ብል ከርስቴ ይነቅሉኛል» አላት።

የሻረግ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ባላምባራስ ከነአጃቢዎቻቸው ወደ ቆሙበት ሄደች። ክንፉ ከጥላው ሥር ሆኖ ከጎናቸው ነበር።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምን» አለች። «ሽምብራው ደሴቱ ላይ ሲራገፍ ስምዎን የሚያስጠራ አዋቂ ያስፈልጋል። ሐይቁ እንደሁ ፀጥ ብሏል። የኔታ ከፊት ይቀመጡና ባሌ ይቅዘፍ።»

«እውነቷን ነው!» አሉ ባላምባራስ ደስ ብሏቸው። «ውረድ እንጂ መሪጌታ!»

ክንፉ ሐይቁን አየ። ሐይቁ በእርግጥም ፀጥ ብሎ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሁልጊዜም እንዲያ ነው።

«ብራናው እርጥበት አይወድም» አለ።

«እኔ እይዝልዎታለሁ» አለች የሻረግ።

«ሱባዔ ልገባ ነው።»

«ደሴቱ የሱባዔ አገር አይደለም እንዴ?»

ክንፉ ግራ ቀኙን አየና ጎንበስ ብሎ እግሩን ያዘ። «ጉልበቴን!» አለ። «ጉልበቴን ያመኛል፤ ታንኳ ላይ ታጥፌ መቀመጥ አልችልም።»

ዳርቻው ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ጉልበቱ ጣለ። ባላምባራስ ነገር ቶሎ የሚገባቸው ሰው አልነበሩም፤ ይህ ግን ገባቸው። «እንግዲያው ይቆይ፤ ሽምብራዬ ይረጥባል» አሉ። ስለ ውብነህ ነፍስ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነፋሱ መጣ። ሐይቁ ተገለባበጠ፣ ዝናቡ በጎን እየገረፈ ወረደ፣ የክንፉም ጥላ ከእጁ ተመንጭቆ ውሃው ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ጉልበቱን የታመመው ሰው ቀሚሱን ሰብስቦ ሮጠ። ከጎረምሳውም ከፍየሉም ቀድሞ ኮረብታዋ አናት ላይ ወጣ። ሕዝቡ እየበሰበሰ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ «ጉልበቴን! ጉልበቴን!» እያለ ጮኸበት።

የሻረግ አልሳቀችም። የባሏን እጅ ጨብጣ ማዕበሉን ታይ ነበር። ይህችን አንዲት ጥያቄ አምና ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ይሁኔ አጠገቧ ቆሞ ይስቅ እንደነበር አሰበች፤ ክንፉን ናቀችው፤ ከክንፉ ይልቅ ግን ያንን ሳህን የሞላችውን የራሷን እጅ ናቀች።

ክንፉ በማግስቱ፣ ማዕበሉን በምስጢር አውቆት እንደነበር ሊያስረዳ ሞከረ ይባላል። የሰማው ስለሌለ መስከረም ሳይጠባ አገሩን ለቆ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በደንገል በር፣ «ዛሬ ሐይቁ ደህና ነው» የሚል ሰው፣ ቄስም ይሁን ሹም፣ አንድ እግሩን ታንኳ ውስጥ ካላስገባ ቃሉን አይጨርስም። ዛሬም ክረምት ሲገባ፣ በራዲዮ «በጣና ዙሪያ የተረጋጋ የአየር ሁኔታ ይጠበቃል» ሲባል፣ ዳርቻው ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ «የራዲዮው ልጅ ጉልበቱ ደህና ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀዛፊዎቹም ይስቁና፣ ሄደው የታንኳቸውን ጫፍ ብድግ አድርገው ክብደቷን ያያሉ።