ነፋስ ያልጣለው ዘንቢል

አንድ ሰው ነበረ፤ ኮርቻ ሠሪ። አንቺ ደግሞ ገና አፌን ስከፍት «አባ፣ ጥያቄዬን ይመልሱልኝ እንጂ ተረት አልጠየቅኩም» ትያለሽ። እየመለስኩልሽ እኮ ነው ትርንጎ! አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃ ወጥቼ ትንፋሼ እንኳ ገና አልተመለሰም፤ እስቲ ትንሽ ታገሺኝ። «ጉልበቴ ከዳኝ፤ ገበያ መውረድ አቃተኝ፣ ቤቴንም መጥረግ አቃተኝ። ታዲያ በእርጅናዬ ሰው ማስቸገር ኃጢአት አይሆንብኝም ወይ?» ነው ያልሽኝ። የነፍስ አባትሽ ነኝና መልስ አለብኝ። መልሱ ያለው ኮርቻ ሠሪው ዘንድ ነው።

ይህ ሰው በአንድ ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ቤቱ ከዳገቱ ላይ ነው፣ ገበያው ከዳገቱ ሥር። በዚያ አገር በቅሎ ያለው ሁሉ ኮርቻውን ያሠራው እሱ ዘንድ ነው። ሚስቱ ቀድማው አርፋለች። ልጆቹ ሩቅ አገር ናቸው፤ ለዓመት በዓል ይመጡ ይሆናል፣ ላይመጡም ይችላሉ። ገንዘብ አልቸገረውም፤ ሱቁን አከራይቶ ኪራዩ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። የቸገረው እግር ነው። አንድ ቀን በዱላ ተደግፎ ገበያ ወረደ፤ መውረዱንስ ወረደ፣ ሲመለስ ግን ከዳገቱ ወገብ ላይ ጉልበቱ እምቢ አለው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን «ንፋስ እየተቀበልኩ ነው» እያለ ሲሸኝ ዋለ። እቤቱ የገባው እንዴት እንደሆነ እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት። ከዚያ ወዲያ ገበያ አልወረደም።

ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ልንገርሽ። ግብዣ ይወድ ነበር። ከቤቱ የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም። እንግዳው «በልቻለሁ» ይላል፤ እሱ «በሞቴ!» ይላል። እንግዳው «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል፤ እሱ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ከአፉ ላይ ይደቅንበታል። ያን ጊዜ እንግዳው ይበላል፤ ርቦት ነበርና ደግሞ በደንብ ይበላል። እኛ እንዲህ ነን መቼም። የመጀመሪያውን እምቢታ ማንም እንደ እምቢታ አይቆጥረውም። እምቢ ማለት የእንግዳ ጨዋነት ነው፤ ደጋግሞ መለመን ደግሞ የጋባዥ ነው። ኮርቻ ሠሪው ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በዚህ ደንብ ነው።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ እየፈተለች የምትተዳደር። ከሌላ አገር መጥታ ነው እዚያ የሰፈረችው። ደግ ሴት ናት፣ ግን ዓይነ አፋር። አንድ የገበያ ቀን ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከደጁ ቆመች።

«አባባ፣ ገበያ መውረዴ ነው። የሚገዛልዎ ነገር ይኖር ይሆን?» አለችው።

እቤት ውስጥ ምስር አልቋል። ሽሮውም ከዕቃው ግርጌ ደርሷል። ታዲያ ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኧረ ምን ጎድሎኝ ልጄ! ሁሉ ሙሉ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። አለና ቆመ። «በሞቴ» እስክትለው እየጠበቀ ነው!

እሷ ግን «እሺ አባባ» ብላ ሄደች።

ሰውየው ደጁ ላይ ደርቆ ቀረ። «ጉድ እኮ ነው! ይህችን ሴት ማን አሳደጋት? ከልቧ ብትጠይቀኝ ኖሮ ትደግመው ነበር» አለ ለራሱ። እሷ ደግሞ ዳገቱን እየወረደች «ምነው አፌን በቆረጠው! ትልቅ ሰው ናቸው፤ የተቸገሩ አስመሰልኳቸው። ብጨቀጭቃቸው ኖሮ ለማኝ አደረግሽኝ ወይ ይሉኝ ነበር» ትላለች። እንዲህ ሆነው ተለያዩ። እሱም ጨዋ፣ እሷም ጨዋ፤ ሁለቱንም ይሉኝታ ቀፍድዶ ይዟቸዋል። ድስቱ ግን ባዶ ነው።

በሚቀጥለው ገበያ እየፈራች ደግማ ጠየቀችው፤ አሁንም ሙሉ ነው አላት። ከዚያ በኋላ መጠየቋን ተወች።

ሰውየውማ ቆሎ መቆርጠም ጀመረ። ቆሎው ለጥርሱ ሲጠናበት በውሃ እየነከረ ይበላል። ሰንበቴም ቀረ፤ መንገዱን አይችለውምና። የሰንበቴ ወንድሞቹ «ምነው ጠፋህ?» ብለው ሊጠይቁት ሲመጡ ቁራጭ ቆዳ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። «ሥራ በዝቶብኝ እኮ ነው!» ይላቸዋል። ምን ሥራ አለው? ወስፌውን እንኳ መያዝ ካቆመ ቆይቷል። ዳቦ ይዘውለት ሲመጡ «አሁን በልቼ መነሣቴ ነው፤ ለልጆች ውሰዱላቸው» ይላል። እነሱም ሥራ የበዛበትን ሰው ሥራ አናስፈታ ብለው ቶሎ ይነሣሉ። ዳገቱን ሲወርዱ «ሰውየው ኮርቷል» ይባባላሉ። አይ የሰው ነገር!

ከሰንበቴው ሴቶች አንዷ «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ቤትህን ልጥረግልህ» ብላው ነበር። ይህንንስ እሺ አለ። እሺ አለና ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ቆሻሻዬን እንዳታይብኝ ብሎ፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት በዚያ በታመመ ጉልበቱ እየተንፏቀቀ ራሱ ይጠርገዋል! መጥታ ብታየው ቤቱ ከእሷ ቤት ይልቅ ጽዱ ነው። «ይኼስ ሰው አያስፈልገውም» ብላ ቀረች። እሱም ወገቡን ይዞ ሦስት ቀን ተኛ። ትስቂያለሽ? አትሳቂ። እኔ ዛሬ ስገባ ያንቺም ወለል እርጥብ ነበር።

እንግዲህ አንድ የገበያ ቀን ሰውየው ከመኝታው ሲነሣ ዓይኑ ጨለመበት። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። በዚህ ከቀጠለ እንደማይከርም ያን ጊዜ ገባው። ፈራ። ጎበዝ ሰው ነበር፣ ግን ፈራ፤ ብቻውን እዚያች ክፍል ውስጥ ወድቆ መቅረቱን ፈራ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቱ ለገበያ ስትሰናዳ ይሰማዋል። ልጥራት አለ፤ አንደበቱ አልታዘዝ አለው። ሙሉ ነው ሲላት የከረመ ሰው ዛሬ ምን ብሎ ይጥራት? በሯን ስትዘጋ ሰማ። መሄዷ ነው። ከግድግዳው ላይ አሮጌ ዘንቢሉን አወረደ፤ ዱላውን ይዞ እንደምንም ደጅ ወጣ፤ ዘንቢሉን ባለ በሌለ ኃይሉ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ወረወረው።

ዘንቢሉ ሄዶ ሴትዮዋ ካሰጣችው በርበሬ ላይ አረፈ። በርበሬው ተበተነ።

መቼም አሁን ይገባታል ትያለሽ። ሴትዮዋ ገና ከግቢዋ አልወጣችም ነበርና ተመልሳ በርበሬዋን ለቃቀመች። ዘንቢሉን አራገፈች። አጥሩን ዞራ መጣችና በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ አቀረበችለት።

«አባባ፣ ዘንቢልዎን ነፋስ ጥሎት እኔ ግቢ አገኘሁት» አለችው።

ያን ዕለት ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን ሽማግሌው ወረወሩት ከማለት ነፋስ ጣለው ማለት ይቀላታል፤ ክብሩን እየጠበቀችለት እኮ ነው! እንግዲህ ሰውየው ዘንቢሉን ተቀብሎ «አይ ይህ ነፋስ!» ቢል አለቀ። እሷ ገበያዋ ትወርዳለች፣ እሱ ቤቱ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያን በር የሚከፍቱት ቀባሪዎች ናቸው።

ሰውየው እጁን አልዘረጋም።

«ነፋስ አይደለም ልጄ» አላት። «እኔ ነኝ የወረወርኩት። ምስር የለኝም። ሽሮም የለኝም። ርቦኛል።»

ሴትዮዋ ዘንቢሉን እንደያዘች አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ደግሞ ተቆጣች፤ ያቺ ዓይነ አፋር ሴት!

«ታዲያ ስጠይቅዎ ሙሉ ነው ያሉኝ ለምንድን ነው?»

«ትለምኚኛለሽ ብዬ ነዋ።»

«እኔ ደግሞ ይቆጡኛል ብዬ! አባባ፣ የእርስዎ ምስር ከእኔ ምስር ጋር አብሮ ቢመጣ ምን ይከብደኛል? በርዎን ከፍቼ ሞተው ባገኝዎስ ኖሮ? ከአጥሩ ማዶ በርበሬ እያሰጣሁ ጎረቤቴ በረሃብ ሞተ ብዬ፣ እኔ ያንን ይዤ እንዴት ልኖር ነበር? ዕድሜ ልኬን ሊያሸክሙኝ ነበር እኮ!»

አላስቸግራትም ሲል ምን ሊጭንባት እንደነበር ያን ቀን ነው ያየው። «ማሪኝ ልጄ» አላት፤ ሌላ ምን ይበል?

እሷም መጀመሪያ ቤቷ ያለውን አምጥታ አበላችው፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ እስኪጠግብ ጠበቀችው። ከዚያ ገበያ ወረደች። ስትመለስ ምስር ይዛለታለች፤ ቢያየው ድፍን ነው። እሱ ደግሞ የሚወደው ክክ ነው። ያ ይሉኝታ የሚሉት ነገር እንደገና ሊይዘው ነበር፤ ተመስገን ብሎ ሊቀበል ነበር። ግን እንደምንም «ልጄ፣ እኔ የምወደው ክኩን ነው» አላት። ሴትዮዋ ሳቀች። «እንዲህ ይንገሩኝ እንጂ! እኔ በምን አውቃለሁ?» አለች። ድፍኑን ለራሷ አስቀረችው፣ የእሷን ክክ ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ የገበያ ቀን በደረሰ ቁጥር በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አባባ፣ ዛሬ ነፋሱ ምን አማረው?» ትለዋለች። እሱም የጎደለውን ይነግራታል። ቤት ጠራጊዋም ሲያስጠራት ቅዳሜ ተመለሰች፤ አሁን አቧራው እንዳለ ነው የጠበቃት። እየጠረገች ሙልጭ አድርጋ ሰደበችው፣ እሱም ተቀምጦ ተሰደበ። ጥሩ ዓመታት ኖረ ከዚያ በኋላ።

እንግዲህ ትርንጎ ልጄ፣ ኮርቻ ሠሪው አንቺ ነሽ። ሰው ማስቸገር ኃጢአት ነው ወይ አልሽኝ። ምስር ግዢልኝ ማለት ኃጢአት ሆኖ አላየሁም፤ ባዶ ቤት ተቀምጦ ሙሉ ነው ማለት ግን ውሸት ነው፣ እሱን ከፈለግሽ ተናዘዢው። ዕድሜሽን ሙሉ ለሰው ስታደርጊ ኖርሽ፤ ስታደርጊ ደስ ይልሽ እንደነበረ እኔ ምስክር ነኝ። ያንን ደስታ ዛሬ ሌላ ሰው በተራው ሊያገኘው ሲመጣ በር ትዘጊበታለሽ። አላስቸግርም ትያለሽ እንጂ፣ አንድ ቀን ይህን በር ሰብሮ ለሚገባው ጎረቤት ያሰብሽለትን ሸክም አላየሽውም።

ይህን ከአየር ላይ አመጣሁት እንዳይመስልሽ። ፊት ለፊትሽ ያለችው ሰናይት ደረጃው ላይ አግኝታኝ ነበር፤ በሁለት እጇ ፌስታል ይዛ ከሥራ ስትገባ። «አባ፣ እትዬ ትርንጎን ምን ልግዛልዎ ስላቸው ምንም አልጎደለኝም ይሉኛል፤ ደግሜ ልጠይቃቸው ፈራሁ» አለችኝ። ሰማሽ? ፈራሁ ነው ያለችው። በእሷና በአንቺ መካከል አጥር እንኳ የለም፤ አንድ ኮሪደር ነው።

አሁን ንገሪኝ። ቤትሽ ውስጥ ምን አልቋል?

እኔ ዛሬ ይህን ሳልሰማ አልሄድም።

ምን አልሽ? ጮክ በይ፣ የእኔ ጆሮ እንዳንቺ ጉልበት ነው። ጨው? ጨው! ምነው ሴትዮ፣ ጨው የሌለው ወጥ ነው ስትበዪ የከረምሽው? እሺ፣ ሌላስ? ሽንኩርት። ሌላስ? ጋዙ። አዎ፣ ሲሊንደሩን አንቺ አታነሺውም፤ ታዲያ በቀዝቃዛ ነው የምትኖሪው ማለት ነው። በስመ አብ! አታልቅሺ። ደግሞስ ብታለቅሺ ምን አለበት፣ አልቅሺ እንጂ።

ለሰናይት እኔ ልነግርልሽ እችል ነበር። አልነግርልሽም። ዛሬ እኔ ብነግራት በሚቀጥለው ሳምንት ስትጠይቅሽ ምንም አልጎደለኝም ትያታለሽ፤ አውቅሻለሁ። በሩን ግን እከፍትልሻለሁ፤ ይኸው፣ ከፈትኩት። እሷም ቤቷ ናት፣ ድምጿ ይሰማል። በይ፣ ከተቀመጥሽበት ሆነሽ ጥሪያት።

አልሰማችሽም። ጠንከር አድርጊና ድገሚው።