የሚስቱን ክንድ ያስለካው ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ስትሮክ መትቶት ግራ እጁ ዝሎ ከረመና በስንት መከራ መወርወሪያ ለመያዝ በቃ። ከሆስፒታል ሲወጣ የደም ግፊት መለኪያና ስልክ ሰጡት። ጠዋት ጠዋት ክንዱን ይለካል፤ ቁጥሩ በስልኩ ወደ አንዲት የሆስፒታሉ ነርስ ይሄዳል። ከፍ ካለ ትደውላለች።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሸማኔው፣ ክኒኑ በውኃ ስለሚዋጥ ጾሜን ይሽርብኛል ብሎ የጠዋቱን መዋጥ ተወ። ለማንም አልተናገረም። በሳምንቱ ቁጥሩ አሻቀበ፤ ስልኩም ጮኸ።

«አባባ፣ ክኒኑን እየወሰዱ ነው?»

«እንዴታ፣ ልጄ!»

«እንግዲያው ነገ ደግመው ይለኩ። ካልወረደ እዚህ ይመጣሉ።»

ከሄድኩ ጾሜን ያስገድፉኛል ብሎ ፈራ። በማግስቱ መለኪያውን ሚስቱ ክንድ ላይ አሰረው።

«አንተ ሰውዬ፣ የታመምከው አንተ፣ የምለካው እኔ?» አለችው።

«ዝም በይ። አንቺ እንደ በቅሎ ጠንካራ ነሽ፤ ለአንድ ቀን ብታውሺኝ ምን ይጎድልብሻል?»

ሳቀችና ክንዷን ሰጠችው። ቁጥሩ ደህና ሆነ። ነርሷ ደውላ፣ «ጎበዝ አባባ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለችው። ሙገሳው ጣመው። አንዱ ቀን ብዙ ቀን ሆነ። ራሱን ሲፈልጠው እንኳ ያንን «ጎበዝ» እያስታወሰ ይጽናና ነበር።

በሆሳዕና ሰሞን፣ እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ሳያወጣ፣ በድሩ ላይ ተደፋ፤ ሆስፒታል ወሰዱት።

ነርሷ አልጋው አጠገብ ቆማ ስልኳን ደጋግማ አየች። «ትናንትኮ ደህና ነበር» አለች። ያን ጊዜ ሚስቲቱ እያለቀሰች ሁሉን ነገረቻት። ነርሷ ግንባሯን ይዛ፣ «ስለ ጾሙ ቢነግረኝ ኖሮ እኮ ሐኪሙ የክኒኑን ሰዓት ወደ ማታ ያዞርለት ነበር» አለች።

ሸማኔው ሰማ። ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ምላሱ አልታዘዘውም። ከዚያም ወዲያ እስኪሞት ድረስ አልታዘዘውም።

አንቺም፣ ልጄ፣ ለንስሐ አባቴ ቀላል ቀላሉን ተናግሬ ከባዱን ባስቀረው ምን አለበት ብለሽ ጠየቅሽኝ። ንስሐ አባትሽ የሚለኩት ያቀረብሽላቸውን ክንድ ነው። ጤነኛውን ብታቀርቢላቸው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው በሰላም ያሰናብቱሻል፤ የታመመው ግን ከነሕመሙ አብሮሽ ቤት ይገባል። የምትፈሪው ቅጣትም ምናልባት የክኒን ሰዓት እንደ ማዞር ያለ ትንሽ ነገር ይሆናል፤ ሳትጠይቂ አታውቂውም። ምላስሽ እየታዘዘሽ ሳለ ሂጂና ተናገሪ።