የምንጩ ዳር
ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን!» ካላችሁ ጆሮ ስጡኝ።

በአንድ ዱር አራዊት ሁሉ ከአንዲት ምንጭ ይጠጡ ነበር። ሁሉም እየገባ ስለሚጠጣ ውሃው ደፈረሰ፤ የሚዳቋ ግልገልም ጭቃ ጠጥታ ታመመች። ይህን ጊዜ ጦጣ ዛፍ ላይ ወጥታ «ከእንግዲህ ምንጩ ውስጥ መግባት ክልክል ነው!» ብላ አወጀች። ሁሉም «እሺ» አለ፤ በማግስቱ ግን ሁሉም ገባ።

ሳይጠይቅ የማያልፈው ጃርት ነገሩ ገረመው።

«እሺ ብለህ ለምን ገባህ?» አለው ከርከሮን።

«ምን እንደቸገረኝ ማን ጠየቀኝ?» አለ ከርከሮ ተቆጥቶ።

ጃርት ይህን ሲሰማ «እስቲ ሁላችንም እንነጋገር» ብሎ አራዊቱን ጥላ ስር ሰበሰበ። ሚዳቋ ስለ ግልገሏ እያለቀሰች ተናገረች። ከርከሮም «አንገቴ አጭር ነው፤ ዳር ቆሜ ውሃው ጋ አልደርስም» አለ። ይህን ከዚያ በፊት ማንም አስቦት አያውቅም።

«ዳሩን በቀንዴ ቆፍሬ ዝቅ ባደርግልህስ?» አለው ጎሽ።

«እንዲያ ከሆነማ ለምን እገባለሁ?» አለ ከርከሮ፣ ሁሉም እየሰማው። እንዲህ ሲከራከሩ ውለው ተስማምተው ተለያዩ።

በማግስቱ ጃርት «አሁንስ ምን ያደርጉ ይሆን?» ብሎ ቁጥቋጦ ስር አድፍጦ ጠበቀ። ከሩቅ አገር የመጣ ጅብ ውሃ ጥም አቃጥሎት እየሮጠ ሊገባ ሲል ከርከሮ መንገዱን ዘጋበት።

«ቁም! እኛ የምንጠጣው ዳር ቆመን ነው።»

«ማን ከለከላችሁ?» አለ ጅብ።

«ማንም አልከለከለን» አለ ከርከሮ፤ ጎሽ ወደቆፈረለት ዳርም እየመራ ወሰደው።

እኔ ተረትሁ፤ ተራው የእናንተ ነው።