የመጀመሪያው ዙር

አንድ የመኪና ቦዲ ሠሪ ነበር። ስሙ ማንደፍሮ ይባላል። ሞተርና ጎማ ብቻ ያለው መኪና ይመጣለታል፤ እሱ ቆርቆሮውን ቆርጦ፣ በሩን ገጥሞ፣ መስታወቱን አስገብቶ፣ ወንበሩን ደርድሮ ሰው የሚሳፈርበት ያደርገዋል። እጁ ጥሩ ነው። ሥራ አላጣም። ሚስት አለችው፣ ልጅ አለችው፣ ቤትም አለው። ግን ደግሞ ጎረቤት ነበረው።

ጎረቤቱ ጥበቡም ቦዲ ሠሪ ነው። ሁለቱን ግቢ የሚለያቸው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። አጥሩ ላይ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ነበረች። ማንደፍሮ ጠዋት ሲገባ ከመዶሻው በፊት የሚሄደው ወደ እሷ ነው። ዓይኑን አስጠግቶ ያያል። ጥበቡ ዛሬ ስንት መኪና አስገባ? ማን መጣለት? ምን ቀለም ቀባ? እንዲህ እያለ ሲያይ ይቆይና ሥራውን የሚጀምረው ፊቱን ቋጥሮ ነው።

ሚስቱ ዝናሽ ምሳ ይዛ ስትመጣ እዚያው አጥሩ ላይ ተለጥፎ ታገኘዋለች።

«ማንዴ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ።»

«መጣሁ።»

«የሰው ግቢ ዓይተህ የምትጠግብ ከሆነ እኔ ለምን እሳት ፊት እቆማለሁ?»

«አንቺ አይገባሽም። ይሄ ሰውዬ የሚደብቀው ነገር አለ።»

እውነቱን ለመናገር ጥበቡ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። አንድ ልማድ ግን ነበረው። መኪናው ሲያልቅ ወዲያው ለባለቤቱ አያስረክብም። መጀመሪያ ዕቃውን የሠሩለትን ሰዎች ይጠራል። ወንበሩን የሰፉት ሴቶች ይመጣሉ። ብሎኑን የቆረጡት ሽማግሌ ይመጣሉ። መስታወቱን የቆረጠው ልጃቸውም ይመጣል። ሁሉንም ያሳፍርና ከተማዋን አንድ ጊዜ ይዞራል። የመጀመሪያው ዙር የሠሪዎቹ ነው ይላል። ሰዎቹ በመስኮት እያዩ ይስቃሉ። አንዷ የተቀመጠችበትን ወንበር መታ መታ እያደረገች «ይቺን እኔ ነኝ የሰፋኋት» ትላለች። መንገድ ላይ ያለው ሰው ያጨበጭብላቸዋል። መኪና የሚያሠራ ሰውም ይህን ሲያይ እግሩ የሚወስደው ወደ ጥበቡ ግቢ ነው።

ያ ጭብጨባ ማንደፍሮ ደረት ላይ እንደ ቃር ይወጣና ይወርድ ነበር። የእኔ ብየዳ ከእሱ ብየዳ በምን ያንሳል ይላል። የእኔ ቀለም ይበልጥ ያበራል፣ ዋጋዬም ይቀንሳል፣ ቶሎም አደርሳለሁ ይላል። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። የባሰ ያቃጠለውም ይኸው ነው።

አንድ ቀን የከተማዋ ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ስድስት ሰርቪስ ሊያሠራ ነው ተባለ። ዳይሬክተሯ ወይዘሮ እታለማሁ ሁለቱንም ቦዲ ሠሪዎች ጠሩ።

«ሁለታችሁም አንድ አንድ መኪና ሥሩልኝ» አሉ። «የመጀመሪያውን ዙር ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ። ከዚያ የቀሩትን አራቱን ለአንዳችሁ እሰጣለሁ። የሚሳፈሩበት ልጆች ናቸውና እንዳትቀየሙኝ።»

ማንደፍሮ ይህን ሲሰማ ነገሩ አላማረውም። የመጀመሪያ ዙር የሚባለው የጥበቡ ነገር ነው። እሱ ማንን ያሳፍራል? ወንበሩንም ብሎኑንም የሚያመጣለት አቶ ዳምጠው የሚባል አቅራቢ ነው። በመኪና ጭኖ ያመጣል፣ አራግፎ ይሄዳል። ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ማንደፍሮ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

አቶ ዳምጠው ወንበር ሊያራግፍ ሲመጣ ማንደፍሮ ያዘው።

«ይሄን የሠሩትን ሰዎች ለቅዳሜ አምጣልኝ።»

«የምን ሰዎች? እኔ የምሸጥልህ ወንበር ነው።»

«ወንበሩ ራሱን አልሰፋ። የሰፉት አሉ አይደል? እነሱን ነው የምፈልገው።»

«ምን ሊያደርጉልህ?»

«ሊቀመጡልኝ።»

አቶ ዳምጠው እስኪያስለው ሳቀ። «ሰው ወንበር ሲገዛ ዓይቻለሁ። ተቀማጭ ጨምርልኝ ያለኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለው።

ማንደፍሮ ግን አልለቀቀውም። ደግ ሰው ስለሆነ አይደለም፣ ቅናቱ አላስቀምጠው ስላለ ነው። ሰዎቹን ካላሳየኸኝ ከሌላ እገዛለሁ አለው። አቶ ዳምጠው እያጉረመረመ አሳፈረውና ወደሚቀጥለው ከተማ ይዞት ሄደ።

ቦታው ከአንድ መጋዘን ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ከውጭ በሰንሰለት ተቆልፏል። አቶ ዳምጠው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሲከፍት የማስቲሽ ማጣበቂያ ሽታ እንደ ጥፊ ፊታቸውን መታቸው። ውስጥ አሥራ ሁለት ሴቶች ስፖንጅ እየለጠፉ፣ የወንበር ጨርቅ እየሰፉ ነው። ሽታው ወጥቶ ጎረቤት እንዳይጮህ ተብሎ መስኮቱ ተደፍኗል። አንዷ ሴት፣ ታንጉት ትባላለች፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትስፋለች፤ ሴት ልጇ ከጠረጴዛው ሥር ማዳበሪያ ላይ ተኝታለች። ሕፃን ልጅ በቀን እንደዚያ ደንዝዛ አትተኛም። ያ እንቅልፍ የደህና እንቅልፍ አልነበረም።

ማንደፍሮ ትንሽ እንደቆመ ዓይኑ ማንባት ጀመረ። ሽታው ነው።

«በሩ ለምን ይቆለፋል?» አለ።

«ከተከፈተ አየር እንውሰድ እያሉ ይወጣሉ» አለ አቶ ዳምጠው። «ከወጡ ወንበሩ ለቀጠሮው አይደርስም። ቶሎ አድርስልኝ፣ ረከስ አድርግልኝ የምትለኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ማንደፍሮ ዓይኑን ከሰንሰለቱ ወደ ጠረጴዛው ሥር መለሰ። ሕፃኗንም ዓይቷታል፣ አላየሁም ሊል አይችልም። ግን በልቡ የነበረው ቅዳሜ ነው፣ ጥበቡ ነው፣ ጭብጨባው ነው። አቶ ዳምጠውን አስፈቅዶ ለታንጉትና ለሦስት ጓደኞቿ ቅዳሜ መጥተው መኪና እንዲሳፈሩለት፣ ምሳም እንደሚያበላቸው ነገራቸው።

«መኪናው ውስጥ ምን እንሠራለን?» አለች ታንጉት።

«ምንም። ትቀመጣላችሁ፣ ትስቃላችሁ።»

ሴቶቹ ተያዩ። መቀመጥ ብቻ የሚባል ሥራ ኖሯቸው አያውቅም።

ቅዳሜ ደረሰ። መንገዱ በሰው ሞላ። መጀመሪያ የጥበቡ መኪና ወጣ። ሴቶቹም ሽማግሌውም እንደለመዱት ተሳፍረው ዞሩ፤ ሽማግሌው በመስኮት ባርኔጣቸውን እያወዛወዙ እንደ ሙሽራ ሰላምታ ይሰጣሉ። ሰው አጨበጨበ። ወይዘሮ እታለማሁም አጨበጨቡ። ማንደፍሮ የእያንዳንዱን ሰው እጅ ያይ ነበር። የራሱ ልጅ ረድኤት እንኳ ታጨበጭባለች። ሰባት ዓመቷ ነው፣ እዚያው ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፣ ምን ታውቃለች። እሱ ግን እሷንም ታዘባት።

ከዚያ የእሱ ተራ ሆነ። መኪናው ያበራል። ከጥበቡ መኪና ያምራል፣ ሁሉም ሰው ተናገረው። ታንጉት ልብሷን አጥባ፣ ልጇን አዝላ መጣች። ደረጃውን ወጣች። ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ስታይ ግን ቆመች። እጇን ከወንበሩ ሥር አስገብታ ዳሰሰች። ከዚያ ተመልሳ ወረደች።

«ምነው?» አላት ማንደፍሮ።

«እኔ እዚህ ላይ አልቀመጥም ጌታዬ።»

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ። ሰው እያየን ነው። አንድ ዙር ናት፣ ቁጭ ብለሽ ትወርጃለሽ።»

«ለእኔ አንድ ዙር ናት። ለልጆቹ ግን በየቀኑ አይደለም ወይ?»

ወይዘሮ እታለማሁ ቀረብ አሉ። «ምንድን ነው ነገሩ እህቴ? ንገሪኝ።»

ታንጉት መጀመሪያ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ተናገረች። «ይሄን ወንበር በእጄ አውቀዋለሁ እሜቴ። ብረቱ ሲበየድ ተሰንጥቋል። በያጁ ዓይኑ ታሞ ነበር፣ ረፍት ግን አልሰጡትም። ስንጥቁን ለአለቃችን ለአቶ ዳምጠው አሳየሁት። ጨርቁን አልብሺውና ስፊው፣ ማንም አያየውም አለኝ። በሩ ተቆልፏል፣ ቁጥሩ ካልሞላ አይከፈትም፣ ልጄ ደግሞ ታስላለች። ሰፋሁት። እኔ ነኝ የሰፋሁት። ልጄን ይዤ ግን አልቀመጥበትም።»

ሦስቱ ጓደኞቿም ከኋላዋ ቆመው አልተንቀሳቀሱም።

ማንደፍሮ ፊቱ ቀላ።  ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ተቀናቃኜ ልኳት ነው ሊል ነበር፣ ምላሱ ላይ ደርሷል። በዚህ መሃል ረድኤት በሌላው በኩል ገብታ ኖሯል። እዚያችው ወንበር ላይ ዘላ ወጣችና በመስኮት ብቅ አለች።

«አባዬ፣ እነሱ እንቢ ካሉ እኔ ልዙርልህ?»

ማንደፍሮ ሳያስበው ሮጠ። በሩን በርግዶ ገባ፣ ልጁን በብብቷ ይዞ ከወንበሩ ላይ መነጨቃት፤ ጫማዋ አንዱ እዚያው ቀረ። ደረቱ ላይ ለጥፏት ሲወርድ ነው ያደረገውን ያወቀው።

 መባል ያለበትን እጁ ተናግሮታል።

ሥራው ለጥበቡ ተሰጠ። የተሰነጠቀው ወንበርም እዚያው ሰው ፊት ተፈትቶ ወረደ።

ሰኞ ማንደፍሮ እንደ ልማዱ ወደ ቀዳዳዋ ሄደ። ዓይኑን ሲያስጠጋ ከወዲያ በኩል ሌላ ዓይን አገኘ።

«እንደምን አደርክ ማንደፍሮ» አለው ጥበቡ።

ማንደፍሮ ደነገጠ። «ታውቅ ነበር?»

«አምስት ዓመት ሙሉ። ልደፍናት አስቤ ተውኩት። ቢያይ ምን ይጎዳኛል ብዬ።»

ማንደፍሮ አፍሮ ሳቀ። «ምስጢርህን ስፈልግ ነው የኖርኩት» አለው።

«ምስጢር የለኝም። ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የሚሠሩበት ቤት ሄጄ ከሰዎቹ ጋር አንድ ምሳ እበላለሁ። ምሳ የማያስበላ ቤት ከሆነ አልገዛም። ያንተ ዋጋ ሲረክስ፣ ያንተ መኪና ቶሎ ሲያልቅ እኔም ስንት ቀን ቀንቼብሃለሁ። አንድ ሁለቴማ ለአቶ ዳምጠው ስልክ ደውዬ ነበር።»

«ለምን ተውከው?»

«ከሰዎቹ ጋር ምሳ ልብላ ስለው በሩን አልከፍትም አለኝ።»

ማንደፍሮ በዚያው ሳምንት ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ሄደ። አቶ ዳምጠውን መጀመሪያ ሰንሰለቱን ፍታ፣ መስኮቱን ክፈት፣ ያኔ ከአንተ እገዛለሁ፣ ዋጋም እጨምራለሁ፣ ቀጠሮም አላጣብብህም አለው። አቶ ዳምጠው ሌላ ገዢ ሞልቷል ብሎ አባረረው። ታንጉትና አምስት ሴቶች ግን ተከትለውት ወጡ። ማንደፍሮም በራሱ ግቢ ውስጥ፣ በአራቱም በኩል ነፋስ የሚገባበት ዳስ ሠራላቸው። ልጆቹን ዝናሽ ከማስቲሹ ራቅ አድርጋ ታስቀምጣቸዋለች። መኪናው አሁን ቶሎ አያልቅም፣ ዋጋውም እንደ ድሮው አይረክስም። የመጀመሪያውን መኪና የጨረሱ ዕለት ታንጉት ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጣ ዞረች። ያጨበጨበው ሰው ጥቂት ነው። ማንደፍሮ ግን የማንንም እጅ አላየም፤ የሚያየው እሷ የተቀመጠችበትን ወንበር ነበር።

ቅናቱ ጨርሶ ለቀቀው ወይ ብትሉኝ አልለቀቀውም። አሁንም አንዳንዴ በቀዳዳዋ ያያል ይባላል።

የዚህ ታሪክ ትምህርት እንዲህ ነው። ማንደፍሮ የቀናው በጭብጨባው ነበር፤ ከጭብጨባው በፊት ጥበቡ የሄደበትን መንገድ አላየም። ዕቃ ስንገዛ ዕቃውን ብቻ አይደለም የምንገዛው። የተሠራበትንም ቤት፣ የተቆለፈውንም በር፣ ማዳበሪያ ላይ የተኛችውንም ሕፃን አብረን እንገዛለን። ቶሎ አምጣ፣ አርክስ ባልን ቁጥር ያንን ሰንሰለት የምናጠብቀው እኛው ነን። በሰው ላይ የተሠራ ክፉም በጨርቅ ቢሸፈን እዚያው አይቀርም፣ ተጭኖ እቤታችን ይመጣል።

እኔም ልጄን ሰርቪስ ላይ ሳስቀምጣት ወንበሩን በእጄ ጫን አድርጌ አያለሁ። ከጨርቁ ሥር ያለውን ግን ማየት አልችልም። የሠራችውንም ሴት አላውቃትም። ደህና ቤት ውላ የሰፋችው ይሁን እያልኩ እጄን አውለበልባለሁ።

እናንተስ? ዛሬ የገዛችሁትን ዕቃ የሠራው ሰው የራሱን ልጅ ያስቀምጥበታል ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?